በሰላም የገባን ሹፌር ማን ያመስግነው?

(በሬዲዮ ፕሮግራም ለአድማጮች የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ከባድ መኪና ሹፌሮች ነው። ርዕሱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይሆን ይሆናል። ስለ ሹፌር የምናወራው ብዙውን ጊዜ አደጋ ሲደርስ ነውና። መኪና ተገለበጠ፣ ሰው ሞተ ሲባል፣ ሹፌሩ ማነው? ጠጥቶ ነበር? ቅሞ ነበር? አንቀላፍቶ ነበር? እያልን እንጠይቃለን። መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ትናንት ጧት ከጅማ ተነስቶ አዲስ አበባ በሰላም የገባውን፣ ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ የገባውን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲገባ የኖረውን ሹፌር ስሙን የሚያነሳ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስለ እሱ የሚወራ ነገር አልተፈጠረም። ያልተገለበጠ መኪና ዜና አይሆንም። ከመኪናው ፊት ሮጦ የተሻገረውና የተረፈው ልጅም መትረፉን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ገብቶ ምሳውን በልቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በመንገድ አደጋ በአንድ ዓመት ውስጥ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ዙሪያ እንደሚሞት አስታውቋል። ከሟቾቹ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአገራችንም በየዓመቱ በፖሊስ ተመዝግቦ የሚታወቀው ሟች ብቻ በሺዎች ይቆጠራል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ከባድ ጭነት ይዞ ዓመት ከዓመት ሲመላለስ ማንንም ያልጎዳ ሰው ቀላል ሥራ አልሠራም።

እስቲ ከራሳችን እንነሳ። እኛ የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት፣ የጌራ፣ የሰቃ፣ የሸቤ ሰዎች፣ ከዚያም አልፎ የቦንጋ፣ የበደሌና የሚዛን ወገኖቻችን ኑሯችን በቡና ላይ የቆመ ነው። ቡና ደግሞ በጓሮ እስካለ ድረስ ጥላ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ የሚሆነው ሲጓዝ ነው። ገበሬው ለሰብሳቢው፣ ሰብሳቢው ለአቅራቢው ያስረክባል። ከአቅራቢው መጋዘን ተጭኖ ጅማ፣ ቦንጋ ወይም በደሌ ባለው መረከቢያ ናሙናው ይወጣል፣ ደረጃው ይለያል። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም በኮንቴነር ወደ ጅቡቲ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ ደግሞ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ የጅማ ቡና ባሕር ለማየት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ በጎማ ይጓዛል ማለት ነው። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከጭነቱ የተወሰነውን ቢቀበልም፣ ከጅማና ከዙሪያዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ግን ሁሉም በሹፌር እጅ ነው።

አንድ ተሳቢ ያለው መኪና እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። በእኛ በቡና ሰዎች አቆጣጠር አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና፣ 400 ኩንታል ከ2,300 ፈረሱላ በላይ ይሆናል። የስንት ገበሬ የዓመት ልፋት፣ የስንት ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የስንት ሰው ዘካና ዕዳ በአንድ ካሶኒ ላይ ተጭኖ እንደሚሄድ አስቡት። ይህን ሁሉ አማና የሚይዘው አንድ ሰው ከአንድ ረዳት ጋር ነው። አብዛኞቹ ባለንብረቶች ፊቱን አይተውት አያውቁም።

ለዚህ አገር የጭነት አማና አዲስ ነገር አይደለም። ከመኪና በፊት የሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ገደማ ጅማን በገዙት በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ሲቆም ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች ይሰበሰቡበት ነበር። ብዙዎቹም ሙስሊሞች ነበሩ። በቅሎና አህያ ጭነው፣ በየኬላው ቀረጥ ከፍለው፣ ጊቤን ተሻግረው ለብዙ ቀናት ይጓዙ ነበር። በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመን የመኪና መንገድ ተሠራና እነ ትሬንታ ኳትሮ የበቅሎውን ሸክም ወሰዱ። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ጋቢና የምንላቸው ቃላት እንኳን ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ሲራራ መሪው በየሰፈሩ በስሙ ይታወቅ ነበር፤ ንብረት የሚሰጠውም ሰውየው ማን እንደሆነ ተጠይቆ ነው። ዛሬ ግን የሚጠየቀው ታርጋውና የጭነት ዋጋው ብቻ ሆኗል።

በሐዲስ ኪታቦች ውስጥ ስለ አንድ ጉዞ መሪ የተዘገበ ነገር አለ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንጀሻ የሚባል ጥቁር ወጣት ነበር፤ ከዑለማዎች ሐበሻ ነው ያሉትም አሉ። ድምፁ ያማረ ስለነበር እያዜመ ግመሎችን ይነዳል፤ ግመሎቹም በዜማው ይፈጥናሉ። በአንድ ጉዞ ላይ ሴቶች ተጭነው ነበርና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስ በል አሉት፤ የተሳፈሩትንም በቀላሉ ከሚሰበር ብርጭቆ ጋር አመሳሰሏቸው። ትርጉሙ ይኸው ነው። አንጀሻ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ግመሎቹ ይታዘዙታል፣ ዜማው ያማረ ነው። የተነገረው ግን ችሎታህ የሚለካው በምታስኬደው ፍጥነት ሳይሆን በያዝከው ሰው ደህንነት ነው የሚል ነገር ነው። ከጭነት መኪና ሹፌር ፊትም ብርጭቆዎች አሉ፤ በአሰንዳቦ ገበያ ቀን መንገድ የሚያቋርጡ እናቶች፣ በሰርቦ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች፣ ከብት የሚነዱ እረኞች።

ታዲያ ጥሩ ሹፌር የምንለው ምን የሚያደርገውን ነው? መንገዳችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከጅማ የተነሳ መኪና ሰኮሩን፣ ናትሪንና አበልቲን አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከባድ ጭነት የያዘ መኪና ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ተማምኖ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻም መያዙን ያቆማል። ያኔ ፍሬን በጠሰ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍሬኑ በራሱ አልበጠሰም፤ ገና ከላይ ሲጀመር የተበላሸ አወራረድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚለቅም አለ። አላህ ይጠብቀን። አዋቂው ሹፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ጥግ ይዞ ይቆማል። ወርዶ መኪናውን ይዞራል፤ ጎማውን ይነካል፣ የፍሬኑን ንፋስ ያያል፣ የጭነቱን ገመድ ይስባል። ከዚያ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘው፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከኋላው ያለው አውቶብስ ጥሩምባ ይነፋበታል። ሚኒባሱ ይሰድበዋል። እሱ ግን አይቸኩልም። ይህ ሰው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት ነፍስ እንዳዳነ ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። አላህም በሱረቱል ማኢዳ አንዲትን ነፍስ ሕያው ያደረገ ሰው የሰውን ዘር በሙሉ ሕያው እንዳደረገ እንደሚቆጠር ነግሮናል። ይህ የሚሠራው ለሐኪምና እሳት ውስጥ ለሚገባ ሰው ብቻ ነው ያለ የለም።

ጭነቱንም እንደ ሰው የሚጠብቅ ሹፌር አለ። ቡና እርጥበት ከነካው ይሻግታል፣ ሽታም ይስባል። ጋዝ ወይም ሳሙና ያመላለሰ ካሶኒ ሳይታጠብ ቡና ከተጫነበት ጣዕሙ ይበላሻል። ደመና ሲያይ ቆሞ ሸራውን የሚያስር፣ ጆንያ ሳይጎድል የሚያስረክብ ሰው አማናውን ተወጥቷል። የአጋሮ ገበሬ ይህን ሰው ባያውቀውም ቡናው ግን በእሱ ምክንያት ደረጃውን ይዞ ይገባል።

ስለ ድንጋዩም ላንሳ። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ብዙ ሹፌሮቻችን አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ይደረድራሉ፣ ቅጠል ይጥላሉ። ለሚመጣው ሰው ምልክት ነውና ክፋት የለውም፤ ምንም እንኳን የሚያንጸባርቀው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ለጨለማ የሚሻል ቢሆንም። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ነው። ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ማታ ሞተር ሳይክል የያዘ ወጣት ይመጣበታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ሶደቃ መሆኑን አስተምረዋል፤ ይህን ሐዲስ ከመድረሳ ልጆች ጀምሮ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሌላ ሐዲስም መንገደኛ ሌሊት ሲያርፍ ከመንገዱ ላይ ገለል እንዲል አዘዋል። እጁ በግሪስ የጨቀየ፣ የደከመው፣ የመሸበት ሰው ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ተመልሶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሲያነሳ ካያችሁ ያን ሰው ስሙን ጠይቁት። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምሸልመው እሱን ነው።

ሌላው ደግሞ እምቢ የሚለው ሹፌር ነው። በገበያ ቀን ሰው መጓጓዣ ያጣል። ባዶ የጭነት መኪና ሲያይ፣ አንዳንዴም ጆንያው ላይ ሳይቀር፣ በአላህ ይሁንብህ አሳፍረን ይላል። ሹፌሩ አልጭንም ሲል ኩሩ፣ ጨካኝ፣ የሰው ችግር የማይገባው ይባላል። እስቲ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ የሆነውን አስታውሱ። የሠርግ ሰዎችን የጫነ አይሱዙ ገላና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች ሞቱ። የአንድ አካባቢ ሰዎች፣ ለደስታ የወጡ። የጭነት መኪና ካሶኒ የሰው ወንበር የለውም፤ ሲጋጭ ወይም ሲገለበጥ የሚይዝ ነገር የለም። ስለዚህ በሰው ጭነት ላይ እምቢ ያለውን ሹፌር መስደባችንን ትተን ጀዛከላህ ኸይረን ልንለው ይገባል። ምጥ የያዛትን እናት ወይም የተጎዳ ሰው ጋቢና ውስጥ አስገብቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አምቡላንስ በማይደርስበት ገጠር ይህን የሚያደርጉ ሹፌሮች አሉ። ስንሰማ ልናመሰግናቸው፣ እንጠየቃለን ብለው እንዳይፈሩም ምስክር ልንሆናቸው ይገባል። በሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የመንገድ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ስንቶቻችን እናውቃለን? የወደቀ ሰው አይቶ ያልቆመ መኪና ብዙ ነው፤ የቆመው ግን የእኛን ድጋፍ ይፈልጋል።

ጀግንነትን ካነሳን በዚህ አገር የከባድ መኪና ሹፌሮች ያለፉበትን መርሳት አይገባም። በ1977 ዓ.ም. የረሃብ ዘመን ከአሰብ ወደብ የእርዳታ እህል ይዘው ጦርነት ባለበት መንገድ ወደ ሰሜን የተጓዙት እነሱ ናቸው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ከተገኘ በኋላ ሁላችን ቤታችን ስንቀመጥ፣ መስጂዶቻችን ሳይቀሩ ሲዘጉ፣ ነዳጁም ዘይቱም መድኃኒቱም ከጅቡቲ መምጣቱን አላቋረጠም። በጋላፊና በደወሌ ድንበር ላይ ለምርመራ ተሰልፈው፣ ጋቢናቸው ውስጥ አድረው አመጡት። የጭነት ሹፌር በሽታ ያመጣል ተብለው በየከተማው ሲሸሹም ነበር። ምግብ ቤት የከለከላቸው አለ። ማን ይቅርታ ጠየቃቸው? ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት በአንዳንድ መንገዶች ላይ የታገቱና የተገደሉ ሹፌሮች አሉ። አላህ ለሞቱት ይዘንላቸው፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጣቸው።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር በወጉ ይታሰባል። በሰሜን አሜሪካ ጉድይር የተባለው የጎማ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በመንገድ ላይ የሰው ሕይወት ላዳኑ የከባድ መኪና ሹፌሮች የጀግና ሽልማት ሲሰጥ ኖሯል። ከሚቃጠል መኪና ሰው ያወጣ፣ ውኃ ውስጥ የገባን ቤተሰብ ያዳነ ይሸለማል። መልካም ነው። ነገር ግን በእኔ እይታ ለእኛ አገር ከዚህ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። እሳት ውስጥ የሚገባ ጀግና የሚያስፈልገው እሳቱ ከተነሳ በኋላ ነውና፣ እሳቱ እንዳይነሳ ያደረገውን ሰው አስቀድመን እንወቀው። በዚያው አገር ብዙ ድርጅቶች አንድ ሚሊዮን ማይል ያለ አደጋ ለነዱ ሹፌሮቻቸው ክብር ይሰጣሉ። ይህኛው ይበልጥ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ይህን ሰው እንዳይቸኩል ማን ይፈቅድለታል?

ሕዝባችን ለመኪና ስም ማውጣት ይወዳል። ለአይሱዙው አልቃይዳ አሉት፣ ለሲኖትራኩ ቀይ ሽብር አሉት። በበኩሌ ሁለቱንም ስም አልወደውም፤ የመጀመሪያውን ለምን እንደማልወደው ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ከዚያም በላይ ስሙ ጥፋቱን ብረቱ ላይ ያሳርፋል። መኪናው ምን አደረገ? መኪናውን በሌሊት የላከው ማን ነው? ጫት የጫነ መኪና የሚበርበት ምክንያት ይታወቃል፤ ጫት ይጠወልጋል፣ በየሰዓቱ ዋጋው ይወርዳል። ትክክል ባይሆንም ምክንያቱ ይገባናል። ቡና ግን አይጠወልግም! እሸት ቡና ለቅሞ በዕለቱ ወደ መፈልፈያው ማድረስ ያስፈልጋል፤ እሱም የአጭር መንገድ ነገር ነው። ደርቆ በጆንያ የገባ ቡና ግን እስኪነጋ ቢያድር ምን ይሆናል? ምንም። ታዲያ ደረቅ ቡናን እንደ ጫት በሌሊት የምናስበርረው ለምንድን ነው?

ነጋዴ ወንድሞቼ፣ ሐጂዎቻችን፣ አትቀየሙኝ። ዋጋ በየቀኑ እንደሚለዋወጥ፣ የባንክ ብድር ወለድ ባይሆን እንኳን ዕዳ እንደሚያስጨንቅ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር መኪና እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ሹፌሩን ነገ ጧት አዲስ አበባ ከደረስክ ጉርሻ አለህ ስንለው፣ በሳምንት ሁለት የነበረውን ምልልስ ሦስት አድርገው ስንለው፣ ከተፈቀደው በላይ አሥር ጆንያ ብቻ ጨምርልኝ ስንለው፣ የምንከፍለው ለምን እንደሆነ እንወቅ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ፣ በመደበኛነትም በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ያዛል። እነዚያ መንገዳቸው ሰፊና የታጠረ፣ ከብት የማይገባበት ነው። የእኛ ሹፌር በጠባብ መንገድ፣ በጉም፣ በጭቃ፣ በሰውና በከብት መካከል ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል።

እንቅልፉን የሚያባርረውም ብዙውን ጊዜ በጫት ነው። በዚህ ከተማ ስለ ጫት መናገር ቀላል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ብዙ ቤት ይኖራልና፣ ብዙ ሰውም ይተዳደርበታል። ስለ ብያኔው ዑለማዎቻችን ይናገሩ። እኔ የምናገረው ስለ መንገዱ ነው። ጫት እንቅልፍን ያባርራል እንጂ ድካምን አያስወግድም። ምርቃናው ላይ ያለ ሰው ራሱን ብርቱ አድርጎ ያያል፣ ይፈጥናል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ የተከማቸው እንቅልፍ ባንድ ጊዜ ይመጣል፤ ዓይን ተገልጦም ይተኛል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ያኔ ደግሞ ገጠሬው ወደ መንገድ ይወጣል። ሹፌሩን እንዲቅም ያደረገው የጉዞው ሰዓት ከሆነ፣ ሰዓቱን የወሰነው ሰው ከጉዳዩ ነጻ ነኝ ሊል አይችልም።

ስለዚህ ለሹፌር ዕውቅና እንስጥ ስንል የምስክር ወረቀትና ጭብጨባ ብቻ ከሆነ ይቅርብን። ሰውየውን አንድ ቀን መድረክ ላይ አውጥተን በማግስቱ በሌሊት የምንልከው ከሆነ ክብሩ ውሸት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን ያላመሰገነ አላህንም እንደማያመሰግን ነግረውናል። ነጋዴው ምስጋናውን በሥራ ማሳየት ይችላል። ዓመቱን ያለ አደጋ፣ ያለ ጎዶሎ ላመላለሰ ሹፌር በፈጠነው ላይ የምንጥለውን ጉርሻ ለምን አንሰጠውም? በአጋሮም በጅማም በወልቂጤም ነጋዴዎች ተባብረው ጥበቃ ያለው፣ ለውዱእ ውኃ ያለው፣ ሹፌር ጋደም የሚልበት ግቢ ቢያዘጋጁ የወጪው ድርሻ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ነው። ዛሬ ብዙው ሹፌር የሚተኛው ጭነቱን እየጠበቀ ጋቢና ውስጥ ነው፤ ግማሽ ዓይኑን ከፍቶ። ሙሳፊር ሶላቱን የሚያሳጥርበት፣ የሚያጣምርበት ሩኽሷ ተሰጥቶታል። ሸሪዓው ያዘነለትን መንገደኛ እኛ ለምን እናስቸግረዋለን?

ቤተሰብም ድርሻ አለው። እህቶቼ፣ ባልሽ ወይም ወንድምሽ በጉዞ ላይ ሳለ የት ደረስክ ብለሽ በየሰዓቱ መደወል ፍቅር ይመስላል። እሱ ግን ስልኩን የሚያነሳው የጊቤ ጠመዝማዛ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከመነሳቱ በፊት ተስማሙ፤ ወልቂጤ ቁርስ ላይ ሲቆም እሱ ይደውል። እስከዚያው ዱዓ አድርጉ። ለልጆችም አባታቸው ምን እንደሚሠራ ንገሯቸው። የሹፌር ልጅ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል። አባቱ 400 ኩንታል አማና ይዞ ጊቤን በሰላም የሚሻገር ሰው መሆኑን ቢያውቅ ቀና ብሎ ይናገራል።

ማን ጥሩ ሹፌር እንደሆነ እንዴት እናውቃለን የሚል ጥያቄ ይነሳል። ፈጥኖ የደረሰውን አትጠይቁ። ረዳቱን ጠይቁ፤ ረዳት ሹፌሩን ከሚስቱ በላይ ያውቀዋል። መካኒኩን ጠይቁ፤ ፍሬን ሳይሞት የሚያስጠግነውንና ሞቶ የሚያመጣውን ለይቶ ይነግራችኋል። የጎማ ሠራተኛው የተላጨ ጎማ ለክረምት ይዞ የሚወጣውን ያውቃል። በመንገድ ዳር ያለችው ሻይ ሻጭም ማን አርፎ እንደሚሄድ፣ ማን ሳይወርድ ጥሩምባ ነፍቶ እንደሚያልፍ ታውቃለች። ጂፒኤስ የተገጠመላቸው መኪናዎች ባለቤቶች ደግሞ የፍጥነቱን ልክ በእጃቸው ይዘዋል። እስካሁን ይህን መዝገብ የሚከፍቱት ሹፌሩን ለመቅጣት ነው፤ ለማመስገንም ይከፈት።

ውድ አድማጮች፣ ከዚህ ፕሮግራም ጀምሮ ስም እንድትልኩልን እንጠይቃችኋለን። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሰው ሳይጎዳ የነዳ፣ ረዳቱ ወይም መካኒኩ የሚመሰክርለት፣ በጭነት ላይ ሰው አልጭንም ያለ፣ ድንጋዩን ተመልሶ ያነሳ ሹፌር ካወቃችሁ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙንና የሚመላለስበትን መስመር ጻፉልን። የቡና ወቅት ከመግባቱ በፊት በዚህ ሰዓት በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ስሞችን እናነባለን፤ ለእነሱም ዱዓ እናደርጋለን። ከተነበቡት ውስጥ አንዳንዶቹ ያን ሰዓት መንገድ ላይ ሆነው ሬዲዮኑን ጋቢና ውስጥ ከፍተው ይሆናል። ስሙ ሲጠራ ሰማህ ወይ ብላችሁ ግን ወዲያው አትደውሉለት። ሲቆም ራሱ ይደውልላችኋል።